የጎበጠው ወሰን

ትናንት የጠየቅሽኝን ሌንስ ፍለጋ የብረት ሣጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የቆዳ ቦርሳው ሻግቷል። ከሻጋታው ሥር ግን ያ የድሮው የፊልም ማጠቢያ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ሽታ፣ እስካሁን አልለቀቀውም። ክዳኑን ሳነሣው ያው የማውቀው መስተዋት ፈጦ አየኝ። የበሬ ዐይን ያህላል። እንደ በሬ ዐይንም መስኮቱን፣ አልጋውን፣ እኔንም ጭምር በአንድ ላይ ይዞ ያብለጨልጫል።

እሰጥሻለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን ይህን ስሚኝ። አባት ልጁን ሲመክር ራሱ ስቶ የማያውቅ አስመስሎ መናገር ይወዳል። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚያ ነው የተናገርኩሽ። «እውነቱን ካወቅሽ በዚያው ቀን ተናገሪ፤ አታሳድሪው» እያልኩ ስቆጣሽ ይህን ነገር ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀሽኝ አታውቂም። ያመጣሁት ከዚህ ሌንስ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አንድ አሮጌ ካሜራ አንግቼ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ አምበር በየገበያው እየዞርኩ ሰው አነሣ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊልም ማጠብና ማተም የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው፤ ስንት ፊልም ካቃጠልኩ በኋላ። አንድ የውጭ አገር ሰው በጮቄ ተራራ ላይ የሚበቅለውን ጅብራ ፎቶ ሊያነሣ መጥቶ አምስት ቀን መንገድ መራሁት። ሲለየኝ ይህን ሌንስ ከቦርሳው አውጥቶ በእጄ አስቀመጠልኝ። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተጨርምቷል፤ ግን ከኔ ካሜራ ጋር ይገጥም ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ የሚያይ ሌንስ፣ እኛ ባለሙያዎች ዋይድ የምንለው፣ በአገራችን በዐይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ስልክሽን በጣትሽ አንዴ ነካ አድርገሽ አገሩን ሁሉ ታሰፊዋለሽ። ያኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር በእጄ መግባቱ እንቅልፍ ነሣኝ።

ከሌንሱ ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ሳምንት ታገልኩት። አንዱን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ብዬ ተርጉሜ በደብተሬ ጻፍኩት፦ «በፎቶው ዳር የወደቀ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ውጭ ጎብጦ ሊታይ ይችላል።» ደብተሩ አሁንም ከሣጥኑ ውስጥ አለ። ጽሑፉ የገዛ እጄ ነው። ይህን ልብ በይ፤ አውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ያልፈተንኩትን ዕቃ ለሥራ አላወጣም። አንድ ፊልም ሙሉ ለፈተና ብቻ ለማጥፋት ቆረጥኩና በሰኔ መጨረሻ ወደ አባቴ ቤት ወረድኩ። ከአምበር መለስ ብሎ ያለውን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ አሁን ባሕር ዛፍና የመብራት እንጨት የሞላበት። ያኔ ከአፋፉ ላይ ሆነሽ ስታዪ ማሳው ሁሉ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ነበር፤ በስተ ሰሜን ጮቄ ሰማዩን ዘግቶት ይቆማል።

አባቴ አንድ ጥቁር በሬ ነበራቸው። ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ቀይ በሬ። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የአባቴን፣ በማግሥቱ የጎረቤታችንን ያርሳሉ። እንዲህ በሬ ያጣመሩ ሰዎች መቀናጆ ይባላሉ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ። ማሳቸውም ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየው አንድ ክንድ የሚሰፋ የሣር ወሰን ብቻ። ወሰኑን ራሳቸው ናቸው ገመድ ወጥረው የተዉት። ቀጥ ያለ መስመር ለመፈተን ስፈልግ በሰፈራችን ከዚያ ወሰን የበለጠ ቀጥ ያለ ነገር አላገኘሁም። ግድግዳችን ጭቃ፣ አጥራችን እሾህ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ በኩል ወርዳ ነበር። የታረሰው አፈር እርጥብ እርጥብ ይሸታል፤ ከትልሙ ላይ እንፋሎት ቀስ ብሎ ይነሣል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከታች ያርሳሉ፤ የጅራፍ ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። እኔ አፋፉ ላይ ሆኜ ዐይኔን ወደ ካሜራው ሳስጠጋ መጀመሪያ የታየኝ የራሴ ጫማ ነው። ሌንሱ እግሬ ሥር ያለውን ሁሉ ይዞት ኖሯል። ወደ ኋላ ባፈገፍግ ጫማዬ አለ፤ በጣቴ ብቆም ጥላዬ ይገባል። በመጨረሻ እግሬን ወደ ኋላ ትቼ፣ ወገቤን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ነው ከራሴ ያመለጥኩት።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አሳዘነኝ። ያ ሁሉ ጮቄ በካሜራው ውስጥ ጉብታ ሆነ። ሰፊ የሚያይ ነገር ሩቁን ያሳንሰዋል፤ የሚያገነው የቀረበውን ብቻ ነው። ይህንንም ጻፍኩ። ፀሐይዋን ፊት ለፊት አነሣሁ፤ ድንጋይ ሥር ተንበርክኬ አነሣሁ። በመጨረሻ የአባቴን ማሳ መካከል ላይ፣ የሣሩን ወሰን በግራ ዳር አድርጌ አነሣሁ። በግራ በታችኛው ጥግ ሁለቱ ሰዎች እርሻውን አቁመው ወደ እኔ ያዩ ነበር። ሰዎቹን ማስወጣት አልቻልኩም፤ ተውኳቸው።

በጨለማ ክፍሌ ሳጥበው በመድኃኒቱ ሥር መጀመሪያ ማሳው መጣ፤ ከዚያ ሰማዩ። የማላውቀውን አገር የማይ መሰለኝ። ወሰኑ መካከሉ ላይ ወደ ውጭ እንደ ሆድ ተነፍቷል። ወረቀቱ ያለው ነው። በደብተሬ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «መስመር ይጎብጣል። በዳር ያለ ሰው ይለጠጣል፤ ጉድለት ነው። ሰው በዳር አታድርግ።» የቀረው ግን በጣም አማረኝ። ባለኝ ትልቅ ወረቀት አትሜ፣ በጣውላ ክፈፍ አድርጌ፣ ለሐምሌ ሥላሴ ለአባቴ ወሰድኩላቸው።

በዚያ ቀን የማኅበሩ ተራ የአባቴ ነበር። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ፎቶውን ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ሁሉም ተነሥቶ ከበበው።

«እኔ ነኝ ይሄ?» አሉ የአባቴ መቀናጆ፣ ጥጉን በጣታቸው እየነኩ። «ዱባ አስመሰልከኝ እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«የመቀናጆህ ጠላ ነው ያወፈረህ!» አለ አንዱ ማኅበርተኛ፤ ቤቱ ሳቀ።

እኔ ልቤ አበጠ። ከተቀመጡት መካከል የደብሩ ጸሐፊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑን ከነ ቅጥሩ በአንድ ፎቶ የሚያነሣ ሰው እንደሚፈልጉ ሰምቼ ነበር። እርሳቸው እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይህ ሌንስ ዐይን የሳተውን ያያል፤ አንድ ነገር አያመልጠውም። ያለውን እንዳለ ነው የሚያሳየው» አልኩ።

ቀልደኛው ማኅበርተኛ አልተኛም፤ ወደ አባቴ መቀናጆ ዞረ። «እንግዲያማ መቀናጆህ ወሰንህን ሲገፋ አይቶልሃላ! ተመልከተው፤ መካከሉ ላይ ሆዱን ይዞ አንተ ማሳ ውስጥ ገብቷል!»

ለቀልድ ነበር ያለው። ግን የአባቴ መቀናጆ በወጣትነታቸው የገዛ ወንድማቸው በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ መሬታቸውን የበላባቸው ሰው ነበሩ። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ወደ ፎቶው ቀርበው ከላይ እስከ ታች ሣሩን በጣታቸው ተከተሉት። ጣታቸው ጎበጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ወደ አባቴ ዞረው።

«ገመዱን አብረን አይደለም የወጠርነው?» አሉ አባቴ።

«ገመዱንስ አብረን ነው። ማረሻውን ግን አንዳንድ ቀን ብቻህን ይዘኸዋል።»

 አባቴ ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። ሰው ሌባ ብሏቸው አያውቅም። ወደ እኔ ዞሩና፣ «ያነሣኸው አንተ ነህ። እንዲህ ነው ወይ ወሰኑ?» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ሌንሱ ያጎብጣል» ብል ምን ነበረበት? ግን አሁን ገና «ያለውን እንዳለ ያሳያል» ብያለሁ። ጸሐፊው እያዩኝ ነው። ተምሬ ያልመጣሁ፣ በራሴ የተፍጨረጨርኩ ሰው ነኝ፤ «ፎቶው ውሸታም ነው» ከተባልኩ ማን ፊቱን ይሰጠኛል ብዬ ፈራሁ።

«እኔ ያየሁትን ነው ያነሣሁት» አልኩ።

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ከሁለቱም የሚከፋው ይህ ነው፤ ሰው ኋላ የሚሸሸግበት ቀዳዳ ትቶ የሚናገረው ነገር።

በማግሥቱ የአባቴ መቀናጆ ቀዩን በሬ ከበረታችን ፈትተው ነዱት። ፎቶውንም «ምስክሬ ነው» ብለው ወሰዱት። አባቴ ከለከሏቸው አልልሽም፤ ራሳቸው ናቸው ከምሰሶው አውርደው የሰጧቸው።

እኔ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ቅዳሜ ቤት ስመለስ አባቴን ማሳው ላይ አገኘኋቸው። ጥቁሩን በሬ ቀንበር ለምዶ ከማያውቅ ወይፈን ጋር ጠምደውታል። የጤፍ መዝሪያ ደርሷል፤ መሬቱ ሊደገም ይገባዋል። ወይፈኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ትልሙ ውስጥ ይተኛል። አባቴ ጅራፍ አላነሡበትም። አጠገቡ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሲነሣ ያርሳሉ፣ ሲተኛ ይቆማሉ። እኔን ሲያዩ «ደረስክ?» አሉ።   ያን ቀን እርፉን ተቀብዬ እስከ ማታ አረስኩላቸው፤ ጉልበቴን ሰጥቼ ቃሌን የደበቅሁ ይመስለኛል።

በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች በደብሩ ቅጥር ሥር ተቀመጡ። የአባቴ መቀናጆ ፎቶውን ሣር ላይ አቆሙት። ሰብሳቢው ሽማግሌ ግራና ቀኝ ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ተነሥ። ወሰኑ ፎቶው ላይ እንዳለው መሆኑን በሥላሴ ስም ማልልን።»

ተነሣሁ።  አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን እያዩ ነበር፤ እኔን አላዩም። ፊቴን ቢያዩኝ ምናልባት እምል ነበር፤ ሰው ሲታይ ይኮራል። ባለማየታቸው ነው የተሰበርኩት።

«አልምልም» አልኩ። «ወሰኑ ቀጥ ያለ ነው። የሚያጎብጠው መስተዋቱ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የአባቴ መቀናጆ፣ «ዛሬ አባትህ ሲጨነቅ መስተዋቱ ጎበጠ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስለዚህ ካሜራውን ከነ ሌንሱ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለእርሳቸው ሰጠኋቸው። ዱላቸውን ተቀበልኳቸውና ፊታቸው አቁሜ ያዝኩት።

«በዚህ በኩል ይዩ። ዱላው ምን ይመስላል?»

«ምን ይመስላል፣ ዱላ ነው። ቀጥ ያለ።»

«አሁን ካሜራውን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ዱላው ዳር እስኪደርስ።»

አዞሩት። አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው ቆዩ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርገው ዱላቸውን አዩ። እንደገና አነሡት። «ዱላዬ ጎበጠ!» አሉ። ካሜራውን ትተው ዱላውን ከእጄ ነጥቀው በጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳሰሱት። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። «እስቲ አምጣው።» «ኧረ በሥላሴ!» «የደብሩ ምሰሶም ይጎብጣል እኮ፣ እዩት!» ጊዜው ሌላ ቢሆን ያስቅ ነበር።

ሰብሳቢው ብቻ አልተነሡም። «ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉኝ።

«ፎቶውን ከማንሣቴ በፊት።»

«እና እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ገመድ ይምጣ» አልኩ። 

ገመድ መጣ። ሁላችንም ወደ ማሳው ወረድን፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጠረ። ሣሩ ከገመዱ ጋር አብሮ ሄደ፤ አንድ ስንዝር እንኳ አልወጣም። የአባቴ መቀናጆ ጎንበስ ብለው የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ አባቴ በትከሻቸው ያዟቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። ቀዩ በሬ ግን ለሌላ ሰው እስከ ዘር ማብቂያ ቃል ተገብቶበት ተጠምዷል፤ ቃል አይታጠፍም። የአባቴ ጤፍ ዘግይቶ ተዘራ፤ ዝናቡ ቀድሞ ሄደ። ጤፉ ፍሬ ሳይቋጥር ገለባ ሆኖ ቀረ።

ደብሩን ማን እንዳነሣው አላወቅሁም። እኔ አልነበርኩም።

አባቴ አልገረፉኝም፣ አልረገሙኝም። ፎቶውን ወደ ምሰሶው መለሱት። «አባዬ፣ ያውርዱት፤ ሌላ አመጣልዎታለሁ» ብላቸው፣ «ይሰቀል» አሉ። «መስተዋት ነው፤ አያውቅም። አንተ ግን ታውቅ ነበር።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብኝ አያውቁም። ፎቶው ግን እስኪሞቱ ድረስ እዚያው ነበር፤ ቤት በገባሁ ቁጥር ከአባቴ በፊት እሱ ያየኛል። አባቴን እንደዚያ ነው የማስታውሳቸው፤ ዝም ያሉ፣ ጥርሳቸው ለሳቅ ሲገለጥ አይቼ የማላውቅ ሰው። አንቺም እኔን እንደዚያ ሳታስታውሺኝ አትቀሪም።

የአርባቸው ዕለት ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ የአባቴ መቀናጆ አልሄዱም። በጣም አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ዳር ዳሩ ነጭ ሆኗል። ምሰሶው ሥር ቆመው፣ «ይህን ፎቶ ትሰጠኛለህ?» አሉኝ።

ያፌዙብኝ መሰለኝ። «ይህ ጠማማ ፎቶ ምን ያደርግልዎታል?»

«ወሰኑን ማን አየው?» አሉ። አውራ ጣታቸውን በጎበጠው ሣር ላይ አድርገው ሸፈኑት፤ የቀረው ጥጉ ብቻ ሆነ፤ እነዚያ የተለጠጡት ሁለት ሰዎች። «ያን ቀን ለምን እርሻ እንዳቆምን ታውቃለህ? አንተ አፋፉ ላይ ወገብህን ወደ ኋላ ገፍተህ፣ እጅህን ዘርግተህ ታቃስት ነበር። አባትህ አየህና፣ 'ልጄን ምጥ ይዞታል መሰል፤ አዋላጅ ጥራልኝ' አለኝ። እርፉን ለቅቆ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሬዎቹ ቆመው ጠበቁን።»

ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «ይቅር ከተባባልን በኋላ በሬ አቀናጅተናል፤ አብረን አርሰናል፣ አብረን አጭደናል። እንደዚያ ግን ስቀን አናውቅም» አሉ።

ፎቶውን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ከአባቴ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

በይ፣ ሌንሱ ይኸውልሽ። ቅዳሜ ጮቄ ስትወጪ መጀመሪያ ጫማሽን ታነሺያለሽ፤ አትናደጂ። ያጎብጣል ወይ ብለው ከጠየቁሽ እንደሚያጎብጥ ንገሪያቸው። ፎቶው የታተመበትን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ግን አልሰጥሽም። ሣጥኑን ስዘጋ ለይቼ አስቀርቼዋለሁ። ትናንት በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዤ በአጉሊ መነጽር አየሁት። በኔጋቲቭ ላይ ነጭ የነበረው ሁሉ ጥቁር ነው። በጥጉ፣ በደብተሬ «ጉድለት» ባልኩት ቦታ፣ በአባቴ ፊት ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ጥርሳቸው ናት።